ብረቱ ያልረሳው

በ1876 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የጃፓን መንግሥት ከወታደር፣ ከፖሊስና ለሥነ ሥርዓት ከሚለብሱ ባለሥልጣናት በቀር ማንም ሰው ሰይፍ ታጥቆ አደባባይ እንዳይወጣ ከለከለ። ያ አዋጅ በተነሣ ቁጥር የሚታወሰው ወገቡ ባዶ የቀረው ሳሙራይ ነው። ብረት ቀጥቃጩም አልፎ አልፎ ይነሣል፤ ሰይፉን ትቶ ማጭድና የወጥ ቤት ቢላ ወደ መሥራት መዞሩ ይነገርለታል። ከወሬው የሚቀረው ሦስተኛው ሰው ነው። በትንሽ ክፍል ውስጥ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ውኃ ከጎኑ አድርጎ፣ ዕድሜውን ሙሉ ብረት በድንጋይ ላይ ሲያሽ የኖረው ሰይፍ ወልዋይ።

ሙያው የተናቀ አልነበረም። የኪዮቶው የሆናሚ ቤተሰብ ለብዙ ትውልድ የገዢዎችን ሰይፍ ወልውሏል፣ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ለይቷል፣ ዋጋውን ቆርጧል። ከዚሁ ቤት የወጣው ሆናሚ ኮኤትሱ (1558–1637) በቁም ጽሕፈቱና በሸክላ ሥራው ከቤተሰቡ ሙያ ይልቅ ገንኖ ቀርቷል። በ1719 ደግሞ የአገሪቱ ወታደራዊ ገዢ ሾጉን ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ ባዘዘው መሠረት ሆናሚ ኮቹ የአገሪቱን ስመ ጥር ሰይፎች መዝግቦ አቀረበ። መዝገቡ አንድ ለየት ያለ ክፍል አለው። በእሳት የተቃጠሉት ሰይፎች ከሌሎቹ ተነጥለው ለብቻቸው ሰፍረዋል። ሁሉም አልጠፉም፤ አንዳንዶቹ ዛሬም በሙዚየም ይታያሉ። ታዲያ ለምን እንደ ሙት ተቆጠሩ? ይህን ለመረዳት ወደ ቀጥቃጩ ቤት መግባት ግድ ይላል።

ቀጥቃጩ የሰይፉን ቅርጽ ከጨረሰ በኋላ ሸክላ አፈር፣ የከሰል ዱቄትና የተፈጨ ድንጋይ ለውሶ ጭቃ ያዘጋጃል። በጀርባው በኩል ወፈር፣ በስለቱ በኩል ሳሳ አድርጎ ይቀባዋል። ጭቃው ሲደርቅ ቤቱን አጨልሞ ያግለዋል፤ የሚያጨልመው የጋለውን ብረት ቀለም በዓይኑ ለመለካት ነው። የሚፈልገው ከ750 እስከ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ቴርሞሜትር ግን የለውም። ቀለሙ ልክ ሲመስለው ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ስስ ጭቃ የለበሰው ስለት በቅጽበት ይቀዘቅዛል፤ ወፍራም የለበሰው ጀርባ ይዘገያል። ስለዚህ ከአንድ ብረት ሁለት ጠባይ ይወለዳል፤ ስለቱ ጠንካራና ተሰባሪ፣ ጀርባው ለስላሳና ቻይ። ስለቱ ሲጠነክር መጠኑም ስለሚጨምር ሰይፉ ውኃው ውስጥ እያለ ወደ ጀርባው ይጎብጣል። የጃፓን ሰይፍ የሚታወቅበት ጉብጠት ከፊሉ የመዶሻ ሳይሆን የውኃ ሥራ ነው። አንዳንዴም ከውኃው ውስጥ ቀጭን የመሰንጠቅ ድምፅ ይሰማል። ያን ጊዜ የብዙ ቀን ድካም እዚያው ላይ ያበቃል።

ሁለቱ ጠባዮች የሚገናኙበትን ድንበር ጃፓኖች ሃሞን ይሉታል። የስለቱ መስመር ነው። ከውኃ የወጣ ሰይፍ ግን ጥቁርና ጭቃ የለበሰ ስለሆነ ድንበሩ ለማንም አይታይም፤ ለሠራው ሰው ጭምር።

የወልዋዩ ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። ከሻካራ ድንጋይ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ለስላሳው ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ የቀደመው የጫረውን ጭረት እያጠፋ የራሱን፣ ከበፊቱ የቀጠነውን ጭረት ይተዋል። ከመጨረሻዎቹ ድንጋዮች መካከል ኡቺጉሞሪ የሚባለው ከኪዮቶ አካባቢ ተራሮች የሚወጣ ነው። ዛሬ ከዚያ አካባቢ የድንጋይ ጉድጓዶች አብዛኞቹ ስለተዘጉ ወልዋዮች የድሮ ክምችት ፈልገው ይገዛሉ። ከዚሁ ድንጋይ ስስ ቅራፊ ወስዶ፣ ጀርባው ላይ ወረቀት በዛፍ ሙጫ ለጥፎ፣ በአውራ ጣቱ ስር አድርጎ ያሻል። ሳምንታት ይፈጃል። ቀጥሎ በጣም የደቀቀ የብረት ዝገት በዘይት በጥብጦና አጣርቶ ገላውን ያጠቁረዋል። በመጨረሻም የሰይፉን ጀርባ በአረብ ብረት መርፌ እየደገመ ያንጸባርቀዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ወልዋዩ መስመሩን አልሣለም። ድንጋዩ ጠንካራውንና ለስላሳውን ብረት እኩል አይጭራቸውም፤ አንዱ ብርሃን በትኖ ይነጣል፣ ሌላው ውጦ ይጠቁራል። ጭቃው የት እንደወፈረ፣ ውኃው የት ቀድሞ እንደነካ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የሆነው ነገር ሁሉ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል።

በቅርብ ያየው ሰው ከመስመሩ ውስጥ ሌላ ዓለም ያገኛል። የጃፓን ሊቃውንት ድንበሩ ላይ የሚታዩትን የብረት ቅንጣቶች በሁለት ይከፍሏቸዋል። አንዳንዱ ሰይፍ ላይ በዓይን ተለይተው የሚቆጠሩ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች አሉ፤ ኒዬ ይባላሉ። በሌላው ላይ ደግሞ በጣም ከመድቀቃቸው የተነሣ አንድ ላይ ሆነው በክረምት ማለዳ ገደል ላይ እንደተኛ ጉም ይታያሉ፤ ኒዮይ ይባላሉ። የሳጋሚው ማሳሙኔ፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 14ኛው መጀመሪያ የሠራው፣ በኒዬ ይታወቃል። የቢዘን ግዛት ቀጥቃጮች ደግሞ በኒዮይና ቅርንፉድ በሚመስል ጥምዝምዝ መስመር። ስለዚህ ሰይፍ ላይ ስም ባይቀረጽም መስመሩ ራሱ ይመሰክራል።

የምዕራቡ ሳይንስ ወደዚህ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በእንግሊዟ ሸፊልድ ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ ብረት ወልውሎ፣ በቀጠነ አሲድ አስበልቶ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ያየው ከ1863 ጀምሮ ነው። የዛሬው የብረታ ብረት ሳይንስ አንዱ መሠረት ይኸው ሥራ ነው። ቀጥሎ የጀርመኑ አዶልፍ ማርተንስ መጣ፤ ፈረንሳዊው ኦስሞን በ1895 በውኃ የጠነከረውን ብረት ውስጣዊ መልክ በእሱ ስም ማርተንሳይት ብሎ ሰየመው። ኒዬም ኒዮይም ዋና ነገራቸው ማርተንሳይት ነው፤ ልዩነቱ የቅንጣቱ መጠን ነው። የሰይፍ ሊቃውንቱን ያልጠቀሰ የሳይንስ ታሪክ ጎዶሎ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቢዘንና የሳጋሚ ሥራ የሚለዩ ሰዎች ያለ ማይክሮስኮፕ፣ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ብቻ፣ የማርተንሳይት መጠን ሲመድቡ ኖረዋልና።

ወደ 1876 እንመለስ። ታጣቂ ሲጠፋ ወልዋይ ማን ይቀጥረዋል? ከሆናሚ ቤተሰብ የሆነው ሆናሚ ሄይጁሮ ናሪሺጌ (1848–1927) አዋጁ ሲወጣ ገና ወጣት ነበር። ሰይፍ ከወገብ ወርዶ የሚታይ ዕቃ መሆኑን በጊዜ ተረዳ። ያመጣው አዲስ አወላወል ሃዶሪ ይባላል። የቀድሞው አወላወል መስመሩን እንዳለ ይተወው ነበር፤ መስመሩን በደንብ ለማየት ሰይፉን ከብርሃን ጋር ማዘንበልና ልምድ ያለው ዓይን ይጠይቃል። ሄይጁሮ ግን የስለቱን ክፍል በስስ ድንጋይ ቅራፊ እየተከተለ አነጣው። በዚህ የተነሣ ሰይፍ አይቶ የማያውቅ ሰውም ከሩቅ ነጩን ማዕበል ያያል።

ይህ አወላወል ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ቢሆንም ክርክሩ አልበረደም። ነጩ ቅርጽ የወልዋዩ እጅ ነው፤ እውነተኛው መስመር ከሥሩ ተኝቷል፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም። የድሮውን የሚመርጡ ሰዎች ነጩን መኳኳያ ይሉታል። የአዲሱ ደጋፊዎች ደግሞ ጥሩ ወልዋይ ነጩን የሚያወርደው ሥራውን ለማክበር እንጂ ለመሸፈን አይደለም ይላሉ። ሚዛኑ ወደ ተቺዎቹ ያደላል፤ ግን ሄይጁሮ ባይኖር ሙያው ራሱ ለክርክር ላይደርስ ይችል ነበር። የእሱ ትምህርት በሆናሚ ኮሶን በኩል ወደ 20ኛው መቶ ዓመት ተሻገረ፤ ከኮሶን ተማሪዎች አንዱ ናጋያማ ኮካን በ1998 የጃፓን መንግሥት ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ብሎ የሰየመው ወልዋይ ነው።

አሁን የተቃጠሉት ሰይፎች ነገር ግልጽ ይሆናል። በ1615 የኦሳካ ግንብ ሲወድቅ የግንቡ ባለቤት የነበረው የቶዮቶሚ ቤት ሰይፎች አብረው ተቃጠሉ። ከእነሱ አንዱ የአዋታጉቺው ዮሺሚትሱ የሠራው ኢቺጎ ሂቶፉሪ ነው። እሳት የጠነከረውን ስለት አለሰለሰው፤ ድንበሩ ተደመሰሰ። ቀጥቃጩ ያሱትሱጉ ሰይፉን እንደገና አግሎ ውኃ ውስጥ ነከረው። ሰይፉ ዛሬ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ቅርስ ሆኖ ይገኛል። ብረቱ የዮሺሚትሱ ነው፤ መስመሩ ግን የያሱትሱጉ ነው። የመጀመሪያዋ ቅጽበት ተመልሳ አትገኝም።

ከዚያ 1945 መጣ።

በነሐሴ ጃፓን እጇን ሰጠች፤ የአሜሪካ ጦር የጦር መሣሪያ በሙሉ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ትእዛዙ ሰይፍ ከጠመንጃ አልለየም። ደግሞም የተሰበሰበው ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። በጦርነቱ ዓመታት ለመኮንኖች በገፍ ከተመረቱት ሰይፎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ብረት የተሠሩ፣ በውኃ ፋንታ በዘይት የተነከሩ ነበሩ። ከእነሱ ጋር በአንድ ክምር ላይ የአባት፣ የቅድመ አያት፣ የሰባት መቶ ዓመት ሰይፍ ወደቀ። በየፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሰይፍ በጨርቅ ጠቅልለው የቆሙ ሽማግሌዎች ያ ዘመን ከተዋቸው ትዝታዎች አንዱ ናቸው። ከተሰበሰበው ብዙው ባሕር ውስጥ ተጣለ፣ ተቃጠለ፣ ቀለጠ፣ ወይም በወታደር ሻንጣ ወደ አሜሪካ ተጓዘ።

የቶኩጋዋ ቤት ወራሽ ቶኩጋዋ ኢየማሳ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለሜጂሮ ፖሊስ ጣቢያ 14 ሰይፎች አስረከበ። ከመካከላቸው በ1939 ብሔራዊ ቅርስ የተባለው ሆንጆ ማሳሙኔ ነበረ። በጥር 1946 ሰይፎቹን አንድ አሜሪካዊ ሳጅን እንደወሰዳቸው ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ሆንጆ ማሳሙኔን ያየ ሰው አልተገኘም።

ከክምሩ የቀረውን ከጥፋት ያተረፉት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሆንማ ጁንጂና ሳቶ ካንዛን የሰይፍ ታሪክ ሊቃውንት ነበሩ። ጉዳዩን የያዘው የወታደራዊ ፖሊስ ኮሎኔል ቪክተር ካድዌል ዘንድ ቀርበው ሰይፍ ሁሉ መሣሪያ ብቻ እንዳልሆነ አስረዱ፤ የየዘመኑን ሰይፍ አምጥተው አሳዩት። ኮሎኔሉ አመነ። ሥነ ጥበባዊ ዋጋ ያላቸው እየተመረመሩ ለባለቤቶቻቸው እንዲቀሩ ተፈቀደ። በሰሜን ቶኪዮ አካባኔ በሚገኘው የአሜሪካ ጦር መጋዘን ከተከማቸው መካከልም 5 ሺህ ያህል ተመርጠው ተረፉ። ከእነዚያ መካከል ወደ ባለቤት ሳይመለሱ የቀሩትን ሰይፎች ዕጣ የሚወስን ሕግ የወጣው ግን በ1995 ነው፤ ግማሽ መቶ ዓመት ዘግይቶ። ሆንማና ጓደኞቹ በ1948 የጃፓን የጥበብ ሰይፍ ጥበቃ ማኅበርን መሠረቱ፤ ማኅበሩ በ1977 በሺማኔ ግዛት የድሮውን የአሸዋ ብረት ማቅለጫ እንደገና አስነሥቷል፤ እቶኑ በተለኮሰ ቁጥር ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ይነዳል።

ሆንማና ሳቶ ይመሰገናሉ፤ ይገባቸዋልም። ሆኖም ኮሎኔሉ ፊት የቆመው ማስረጃ የማን ሥራ ነበር? ዝገት የለበሰ ሰይፍ ለባዕድ መኮንን ብረት ነው። መስመሩ የሚታይ ሰይፍ ግን አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ስለራሱ ይናገራል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የቀረበው ክርክር ከፊሉ ከብዙ ዓመት በፊት በድንጋይ ላይ የታሸ ነበር። ቀጥቃጭ ስሙን እጀታው ውስጥ በሚገባው የብረት ጅራት ላይ ይቀርጻል። ወልዋይ ስም አይጽፍም። ከእጀታው አጠገብ፣ የመዳብ ቀለበት የሚሸፍነው ቦታ ላይ፣ በመርፌ የተሰመሩ ጥቂት ቀጫጭን መስመሮች ይተዋል፤ እነሱም በሚቀጥለው ውልወላ ይጠፋሉ።

ከተወሰዱት የተመለሱም አሉ። በካጎሺማ የቴሩኩኒ ቤተ መቅደስ ንብረት የሆነው የኩኒሙኔ ሰይፍ ከጦርነቱ በኋላ ጠፍቶ አሜሪካ ተገኘ። የገዛው በኢንዲያና የመድኃኒት ኩባንያ የሚመራው ዶክተር ዋልተር ኮምፕተን ነበር፤ ምን እንደሆነ ካወቀ በኋላ በ1963 ያለ ክፍያ መለሰው።

ሰይፎቹን ተከትሎ ፍላጎቱም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1976 ቢል ሞራንና ጓደኞቹ የአሜሪካ ቢላ ቀጥቃጮችን ማኅበር መሠረቱ። የማኅበሩ የብቃት ፈተና ከባድ ነው። ቢላው የተንጠለጠለ ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ፣ ጣውላ ከፈለጠ በኋላም ፀጉር መላጨት፣ በመጨረሻም በ90 ዲግሪ ታጥፎ አለመሰበር አለበት። ጠንካራ ስለትና ለስላሳ ጀርባ ከሌለው ይህን የሚያልፍ ቢላ በቀላሉ አይገኝም። በዚህ መንገድ የጃፓኑ ጭቃ የአሜሪካ ጋራዥ ገባ።

ጋራዡ ግን የኪዮቶ ድንጋይ የለውም። ለአንድ የአደን ቢላ በጥንታዊ ድንጋይ ላይ ሳምንታት የሚያጠፋ ሰውም ጥቂት ነው። መላው አሲድ ሆነ። ቀጥቃጩ 1095 የሚባለውን፣ መቶ እጅ ውስጥ አንድ እጅ ገደማ ካርቦን ያለውን ቀላል ብረት ይመርጣል፤ ማንጋኒዝ የበዛበት ብረት ጀርባውም ጭምር ስለሚጠነክር መስመር አይወጣለትም። የእቶን ማጣበቂያ ጭቃ ቀብቶ ያግላል፤ ውኃ ወይም ፈጣን ዘይት ውስጥ ይነክራል። ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው እስከ 2000 ቁጥር ይወርዳል። ድካሙ ያለው እዚህ ነው፤ በሻካራው ወረቀት የቀረች አንዲት ጭረት አሲዱ ሲነካት ደምቃ ትወጣለች። ከዚያ የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኞች የመዳብ ሰሌዳ የሚያስበሉበትን ፈሪክ ክሎራይድ በውኃ አቅጥኖ ይነክረዋል፤ ወይም የጋለ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ በጥጥ ይቀባዋል። ያወጣዋል፣ አሲዱን በቤኪንግ ሶዳ ያበርዳል፣ የተፈጠረውን ጥቁር ሽፋን በደቃቅ ዱቄት ያነሣል፤ መልሶ ይነክራል።

ቸኮል ያለው ሰው አሲዱን አወፍሮ በአንድ ነከራ ይጨርሳል። መስመሩ ይወጣል፤ ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ ነው። ጉሙ፣ ነጥቦቹ፣ ከድንበሩ ወደ ስለቱ የሚወርዱት ቀጫጭን እግሮች አሲዱ ባጎደጎደው ገጽ ውስጥ ይሰምጣሉ። ቀጭን አሲድ ደጋግሞ የነካና በየመካከሉ ያሸ ሰው ግን ከድንጋዩ ውጤት ብዙም የማይርቅ ነገር ያገኛል። የጃፓን ወልዋዮች አሲድን በክፉ ዓይን የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በርካሽ የሚሸጡ የግድግዳ ሰይፎች ላይ ውኃ ያልነካው ብረት በአሲድ ወይም በሽቦ ብሩሽ መስመር ይሣልበታል። በእጁ ቢላውን ላጠነከረ ሰው ግን አሲድ ውሸት አይደለም። ያለውን ነው የሚያወጣው፤ ከድንጋይ ያነሰ ጨዋነት አለው እንጂ።

በጃፓን በኩል ፍቅሩ ከታሰበው በላይ ዕድሜ አግኝቷል። የቀጥቃጮች መንደር የነበረችው የድሮዋ የቢዘን ኦሳፉኔ ዛሬ በሴቶኡቺ ከተማ ውስጥ ናት። ከተማዋ በ2020 የጦር አበጋዙ የኡኤሱጊ ኬንሺን ነበር የሚባለውን ሳንቾሞ የተሰኘ ብሔራዊ ቅርስ ሰይፍ በ500 ሚሊዮን የን ገዛች፤ ገንዘቡ ከሕዝብ መዋጮ ጭምር የተሰበሰበ ነው። በ2015 በወጣ የኮምፒውተር ጨዋታ ከሰይፍ ጋር የተዋወቁ ወጣት ሴቶች ሙዚየሞቹን ሞልተዋል፤ መስታወቱ ፊት ዝቅ ከፍ እያሉ መብራቱን ከመስመሩ ጋር ሲያገናኙ ይታያሉ።

በአሜሪካ ደግሞ ከአያት ዕቃ መካከል የዛገ ሰይፍ አሁንም ብቅ ይላል። ያገኘው ሰው የመጀመሪያ ፍላጎቱ ማጽዳት ነው፤ ብርጭቆ ወረቀቱም አሲዱም በየሱቁ አሉ። ባለሙያዎች የሚለምኑት አንድ ነገር ነው፤ አትንኩት። ውልወላ ብረት ይበላል፤ ጠንካራው ሽፋን አልቆ መስመሩ ያለቀበት ሰይፍ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ የሠለጠነ ወልዋይ እንዲህ ያለ ሰይፍ ሲመጣለት ሙሉውን አይጀምርም። አንድ ቦታ መርጦ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ በድንጋይ ይከፍታል፤ ከሥሩ መስመር መኖሩን፣ እሳት አለመንካቱን፣ የየትኛው አገር እጅ መምሰሉን አይቶ ነው ስለቀረው ከባለቤቱ ጋር የሚነጋገረው።